ሰው የተደገፈው ግድግዳ

አራት ሰዎች ነበርን። ተመራማሪው ከጥቁር ድንጋዩ ግድግዳ ሥር ተንበርክኮ ወደ ስንጥቁ ያይ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ከኋላው፣ የግራሩ ጥላ ውስጥ፣ የሻይ ብርጭቆ ይዞ ቆሞ ነበር። ሽማግሌው ዘበኛ ከግድግዳው ጠርዝ ላይ፣ የጠዋት ፀሐይ በሚደርስበት በኩል፣ ዱላቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ቆመዋል። እኔ በሦስቱ መካከል መዝገቡን ገልጬ ይዤ ነበር። ከስንጥቁ ውስጥ ደግሞ እንሽላሊቶቹ ነበሩ፤ እነሱ ከተቆጠሩ ብዙ ነበርን።

ይህን ያስታወሰኝ ጀርባዬ ነው። አሁን አሁን አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ወንበሬን አውጥቼ የቤታችንን ምዕራባዊ ግድግዳ ተደግፌ እቀመጣለሁ። የአዳማ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ብሎኬቱን ስታቃጥለው ትውልና ያን ሰዓት ግድግዳው የጠጣውን ቀስ እያለ ይመልሳል። ወገቤ ከኪኒኑ ይልቅ እሱን ይወዳል። ትናንት አንቺ፣ ልጄ፣ መጥረጊያ አንሥተሽ ከመብራቱ ጎን የተለጠፈችውን እንሽላሊት ልትመቺ ስትይ እጅሽን ያዝኩሽ። መርዝ አይደለችም ወይ፣ ምግብ ላይ ብትወድቅስ ብለሽ ጠየቅሽኝ። ያኔ አልመለስኩልሽም፤ ደክሞኝ ነበር። ዛሬም ደክሞኛል፤ ቢሆንም ልንገርሽ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ማትሪኩ አላሳልፍ ሲለኝ ላንጋኖ ዳር በነበረ አንድ ሆቴል እንግዳ መዝጋቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። ሐይቁ ሻይ በወተት ይመስላል። ነፋሱ ከውኃው ሲነሣ የጭቃና የደረቀ ሣር ሽታ ያመጣል፤ ቀን ቀን ደግሞ ከቆርቆሮው ጣሪያ የሚወርደው ሙቀት ዓይን ያጨናብሳል። ሥራው ከባድ አልነበረም፤ የከበደኝ ርቀቱ ነው። እናቴ እዚሁ ናዝሬት ብቻዋን ነበረች። ጉልበቷ ተይዞ ውኃ የሚቀዳላት የጎረቤት ሰው ነበር። በየደብዳቤዋ መጨረሻ፣ ለሌላ ሰው እያስጻፈች፣ «ስለ እኔ አታስቢ» ትለኝ ነበር። ይህን የምትል እናት ምን ማለቷ እንደሆነ አንቺም አንድ ቀን ይገባሻል።

ዘበኛው ከሐይቁ ማዶ የተወለዱ የኦሮሞ ሽማግሌ ነበሩ። ረጅምና ቀጭን፣ ወባ እየሄደች የምትመለስባቸው ሰው ነበሩ። እኔን «ኢንተላ ኮ» ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። እኔ አባባ እላቸዋለሁ። ጠዋት ከበሩ ሲመለሱ «አካም ቡልቴ?» ብለው እንዴት እንዳደርኩ ይጠይቁኛል። ከዚያ ወደ ዕቃ ቤቱ ግድግዳ ዞር ይሉና «አካም ቡልተኒ?» ይላሉ። ይኸኛው ለብዙ ሰው የሚባል ነው።

«ለማን ነው አባባ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ለባልደረቦቼ ነዋ። እነሱም የሌሊት ዘበኞች ናቸው። ቀን ይተኛሉ፣ ማታ ወጥተው ትንኝ ይለቅማሉ። ደሞዝ ብቻ ነው የሌላቸው።»

ያ ግድግዳ ያለ ሲሚንቶ የተካበ ጥቁር ድንጋይ ነበር። ከሰዓት በኋላ ያለውን ፀሐይ በሙሉ የሚቀበለው እሱ ነው። በየስንጥቁ ውስጥ አመድ የመሰሉ፣ ዓይናቸው የማይከደን እንሽላሊቶች ነበሩበት። ከላይ ደግሞ ጭንቅላቱ ሰማያዊ የሆነ አንድ ገበሎ ይወጣል። ጠዋት ጎኑን ለፀሐይ ሰጥቶ ራሱን ይነቀንቃል። ዘበኛው እሱን አይወዱትም ነበር። «ይሄ የቢሮ ሰው ነው» ይላሉ፤ «ፀሐይ ካልሞቀ ሥራ አይገባም፤ ስድስት ሰዓት ሲሆን ደግሞ ጥላ ፍለጋ ይሄዳል።»

ዝናቡ ባበቃበት ሰሞን ከዩኒቨርሲቲ አንድ ወጣት መጣ። ለመመረቂያው የእንሽላሊት ሙቀት ሊለካ ነው ሲባል የወጥ ቤቱ ሰዎች ሲስቁበት ሰነበቱ። «ዛሬስ ትኩሳቱ ስንት ገባ? ኪኒን ታዘዘለት?» ይሉታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል። ዘበኛው ግን ቴርሞሜትሩን ካዩበት ቀን ጀምሮ ከልባቸው ሐኪም ይሉት ነበር። የትኛዋ እንሽላሊት በስንት ሰዓት የት እንደምትገኝ ያሳዩትም እሳቸው ናቸው።

ሸንበቆ ጫፍ ላይ የዓሣ ማጥመጃ ክር አሥሮ በሸምቀቆ ይይዛቸዋል። ከያዘ በኋላ በጨርቅ እግራቸውን ብቻ ጨብጦ፣ ፈጠን ብሎ፣ በቀጭን ቴርሞሜትር ይለካና ይለቃቸዋል። እኔ ቁጥሩን እጽፋለሁ። የእጅ ጽሑፌን ወደደልኝ። በእረፍት ሰዓቴ ስለማግዘው ነገሩን ያስረዳኝ ነበር።

«እኛ ሙቀታችንን ከውስጣችን እናወጣለን» አለኝ። «እነዚህ ከውጭ ነው የሚለምኑት። ገበሎው በግልጽ ይለምናል፤ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ይሞቃል። የሌሊቷ ግን ተደብቃ ነው የምትለምነው። ፀሐይ ግድግዳውን ስትመታ፣ እሷ ከውስጥ ሆና ሆዷን በሞቀው ድንጋይ ላይ ትለጥፋለች። ሲበዛባት አንድ ስንዝር ወደ ውስጥ ትገባለች። የበላችውን የምትፈጨውም በዚያ ሙቀት ነው። ማታ ስትወጣ ያንኑ ይዛ ትወጣለች፤ ከዚያ በኋላ እየቀዘቀዘች ነው የምትሠራው። ሊነጋ ሲል ያዢያት፤ መሮጥ እንኳ ያቅታታል።»

ተኝታለች የምንላት ቀኑን ሙሉ ሙቀቷን ስትመርጥ ነው የምትውለው። እኔ ይህን ከሰማሁ በኋላ ሥራ ፈታ የተቀመጠች ፍጥረት ስላየሁ ብቻ ሰነፍ ናት ብዬ አላውቅም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ለትምህርቱ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስበት ቀን ደረሰ። ሁለት ወር ይቆያል። ከስንጥቆቹ ሦስቱን መርጦ በኖራ ቁጥር ጻፈባቸውና ቴርሞሜትሩንና መዝገቡን ለኔ ተወልኝ። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሳይነጋ፣ በቀትርና ፀሐይ ስትጠልቅ ቴርሞሜትሩን ወደ ስንጥቁ አስገብቶ ማንበብ ነው።

«አንድ ነገር ብቻ» አለኝ። «ቴርሞሜትሩን በእጅሽ አትያዢው፤ እንዲያውም ከግድግዳው ራቅ በይ። ሰው ማለት ምድጃ ነው። አጠገቡ ያለውን ሁሉ ያሞቃል።»

ከዚያ ደግሞ፣ «መልካሳ እርሻ ምርምር ጣቢያ የአየር ጠባይ የሚመዘግብ ሰው ይፈልጋሉ» አለ። «ይህ መዝገብ ንጹሕ ሆኖ ካገኘሁት ይዤው ሄጄ አሳይልሻለሁ።»

መልካሳ ከናዝሬት ቅርብ ነው። ማታ ማታ ቤቴ ገብቼ ለእናቴ ውኃ መቅዳት እችላለሁ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ችግሩ የንጋቱ ንባብ ነበር። የሴት ሠራተኞች ማደሪያ ከኋላ በኩል ራቅ ብሎ ነው፤ ሳይነጋ መውጣትም አይፈቀድልንም። ዘበኛው «እኔ አለሁ አይደል» አሉ። ቁጥር ግን አያነቡም። ዘዴውን ራሳቸው አመጡት። የግራር ጭራሮ ልጠው ከቴርሞሜትሩ ጋር እኩል ይቆርጣሉ። ቴርሞሜትሩን ከስንጥቁ ሲያወጡ ወዲያው ጭራሮውን ከመስታወቱ ጎን ያስጠጉና ሜርኩሪው በቆመበት ልክ በሚስማር ይጭሩታል። ለሦስቱ ስንጥቅ ሦስት ጭራሮ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ነጥብ ያለበት። እኔ ጠዋት ጭራሮውን ከቴርሞሜትሩ ጋር አስተያይቼ ቁጥሩን እጽፋለሁ። ተመራማሪው ከመሄዱ በፊት ራሱ እያነበበ ፈተናቸው፤ አንድም ጊዜ አልሳቱም። «እንዲህ ያለ ዓይን እኛ ዘንድ የለም» አለ። እሳቸው ደስ ሲላቸው መሬት መሬቱን ነው የሚያዩት።

የመጀመሪያው ወር በሰላም ሄደ። ከዚያ ብርዱ ጠነከረ። ከሐይቁ የሚነሣው የኅዳር ንፋስ ካፖርት ዘልቆ ይገባል። የሁለተኛው ስንጥቅ ጭራሮ ላይ ያለው ጭረት በየቀኑ ከፍ ከፍ ይል ጀመር። አንደኛውና ሦስተኛው እየቀዘቀዙ ሲሄዱ እሱ ብቻ ይሞቃል። ገረመኝ፤ ቢሆንም ጻፍኩት።

አንድ ቀን ማልደው የሚሄዱ እንግዶች ነበሩና ሥራ አስኪያጁ ሳይነጋ አስጠራኝ። በዕቃ ቤቱ ሳልፍ ዘበኛው መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ጀርባቸውን ሁለተኛው ስንጥቅ ላይ አስደግፈው አየሁ። ቡልኮዋቸውን ከትከሻቸው አሳልፈው ድንጋዩን ጭምር አልብሰውታል። ጥርሳቸው ይንገጫገጭ ነበር። ወባዋ ተመልሳለች።

«ምነው አባባ?»

«በረደኝ። እነሱንም በርዷቸዋል። አንድ ልብስ ለሁላችን ነው።»

ቡልኮውን ገለጥ አደረጉልኝ። ከስንጥቁ አፍ ላይ አምስት ስድስት እንሽላሊቶች ተደርድረዋል። በዚያ ሰዓት ድንጋይ ሆነው መገኘት ሲገባቸው ሮጠው ገቡ።

«ቁጥሩን ያበላሻል እኮ።»

«ሲለካ አነሣዋለሁ፣ እኔም እነሣለሁ» አሉኝ። «አምታትቼ አላውቅም። ደግሞ ኢንተላ ኮ፣ ቁጥር አይበርደውም።»

ግድግዳው ሰው የሰጠውን ሙቀት ሰውየው ስለተነሣ ብቻ እንደማይመልስ ላስረዳቸው ይገባ ነበር። ከዚያም መዝገቡ ላይ ከጎን ትንሽ ማስታወሻ መጻፍ። ብጽፈው ግን ሌሊቱን የት እንደሚቀመጡ ተጻፈ ማለት ነው። የሳቸው ሥራ ከበሩ እስከ ውኃው ዳር መዞር ነበር። ስለዚህ ምንም አልጻፍኩም። በየቀኑ ጭራሮው ያለውን ብቻ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ አሰፈርኩ።

በሳምንቱ የአንድ እንግዳ ቦርሳ ከክፍሉ በረንዳ ጠፋ። ሥራ አስኪያጁ ዘበኛውን ሁላችንም ፊት አቁሞ ጠየቃቸው። «ሌሊቱን ስዞር ነው ያደርኩት» ብለው ማሉ። ሲዞሩ ዓይቻለሁ የሚልም፣ አላየሁም የሚልም አልተገኘም። ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አልነበረም፤ «እንግዲህ የሳቸውን ቃል እቀበላለሁ» ብሎ ተወው። እኔ እግሬን እያየሁ ቆሜ ነበር።

ተመራማሪው የተመለሰው ቦርሳው ከጠፋ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው። መጀመሪያ የነገርኩሽ የዚያን ዕለት ጠዋት ነው።

ሳይነጋ ደርሶ ከሦስቱም ስንጥቅ ራሱ እያወጣ ለክቶ ነበር። የአንደኛውና የሦስተኛው እንሽላሊቶች እንደ ደረቀ ቅጠል እጁ ላይ ወደቁ። የሁለተኛው ግን ነከሱት። መዝገቡን ሲገልጠው ፊቱ በራ። ሥራ አስኪያጁም ድምፁን ሰምቶ የመጣው ለዚያ ነው።

«ይህን ማንም አላየም!» አለ። «ሌሊቱን ሙሉ የሚሞቅ ድንጋይ መርጠዋል። አንድ ወር ሙሉ!»

እጁን ወደ ስንጥቁ ሰደደ። ድንጋዩን ዳሰሰ። ከዚያ ከፍ አድርጎ፣ ዝቅ አድርጎ፣ ግራና ቀኙን ዳሰሰ። አንድ የሰው ጀርባ የሚያህለውን ቦታ ብቻ። እጁ ቀስ እያለ ቆመ፤ ሳቁም መጣ። እንቆቅልሽ የፈታ ልጅ ሳቅ ነበር፤ ተንኮል አልነበረውም።

«ቆይ፣ ቆይ። የድንጋይ አይደለም። የሰው ሙቀት ነው። እዚህ ሰው ይቀመጣል።»

«መቼ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ሌሊት ነዋ። ለአፍታም አይደለም። ይህን ያህል እንዲሞቅ ለረጅም ሰዓት መደገፍ ያስፈልጋል። ቁጥሩ ይናገራል።»

ሥራ አስኪያጁ ብርጭቆውን ግድግዳው ላይ አስቀመጠ።

«አባባ፣ የሚዞሩት እዚህ ተቀምጠው ነው?»

«ተቀምጬ እንጂ ተኝቼ አይደለም» አሉ ዘበኛው።

«ቦርሳው ሲወሰድስ?»

ዘበኛው ዱላቸውን ከብብታቸው አውጥተው ተመረኮዙ። ተመራማሪው ያን ጊዜ ነው የቦርሳ ነገር እንዳለ የገባው። ሳቁ ጠፋ። መውጫ የሚፈልግ ሰው ሆኖ ወደ እኔ ዞረ።

«ወይስ አንቺ በእጅሽ ይዘሽው ነበር? ይሄ ይሆናል፤ ጀማሪ ሁሉ ይሳሳታል።»

ይኸውልሽ፣ በሩ ተከፍቶልኝ ነበር። አዎ ብል ማንም አይመረምረኝም። መዝገቡ ይሰረዛል፣ ዘበኛው በራቸው ላይ ይቆያሉ። መልካሳ ይቀራል። ዘበኛው ወደ እኔ አዩ። ልመና አልነበረም፤ ገበያ መሐል የሚያውቁትን ሰው እንደሚያዩት ነው ያዩኝ።

«እኔ ጭራሮው ላይ ያለውን ነው የጻፍኩት» አልኩ።

ውሸት አልነበረም። ብዙ ዓመት አስቤበታለሁ፤ አንድ ቃል ውሸት የለበትም።

በማግሥቱ ጠዋት ለቅቀው እንዲሄዱ ያንኑ ዕለት ተነገራቸው። እኔ ከጠረጴዛዬ አልተነሣሁም። ሲወጡ የበሩ ሰንሰለት ሲንኳኳ ሰማሁ።

ተመራማሪው የሁለተኛውን ስንጥቅ ቁጥር በቀይ ሰረዘ። የቀረው በቃው። ቃሉንም ጠበቀ፤ የመልካሳው ሥራ ተሰጠኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ቴርሞሜትሩ የሚቀመጥባትን ነጭ ሣጥን እየከፈትኩ ሳነብ ኖርኩ። እናቴን እስክታርፍ ድረስ ጦርኩ። አንድም ቀን በእጄ አልያዝኩትም፤ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ነበር የማነበው። ባልደረቦቼ ይስቁብኝ ነበር።

ላንጋኖን ለቅቄ ወደ መልካሳ ከመሄዴ በፊት ግን ዘበኛውን ፈልጌ ሄድኩ። አርሲ ነገሌ ሴት ልጃቸው ቤት ናቸው ተባልኩ። ከሐይቁ ሽቅብ ነው፤ እዚያ ብርዱ ይብሳል። በአውቶቡሱ ውስጥ የምለውን ሁሉ እያዘጋጀሁ ነበር የሄድኩት። የመጀመሪያው ቃል «አውቅ ነበር» የሚል ነበር።

ልጃቸው በር ላይ ተቀበለችኝ። «አባቴ ቤቱን ሲዞር ነው የሚውለው» አለችኝ፣ ፈገግ ብላ። «ጠዋት በዚህ፣ ከሰዓት በዚያ። ፀሐይ በሄደችበት ነው።»

ከጭቃው ግድግዳ ጋር ተለጥፈው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቡልኮዋቸው ጉልበታቸው ላይ ነበር። ከስተዋል። ሲያዩኝ ለመነሣት ሞከሩ።

«ኢንተላ ኮ። ደህና ነሽ? ሐኪሙ የፈለገውን አገኘ?»

«አገኘ፣ አባባ።»

«አንቺስ?»

«መልካሳ ልሄድ ነው።»

«ለእናትሽ ትቀርቢያለሽ» አሉ። ደስ ያላቸው ይመስለኛል፤ መሬት መሬቱን አዩ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ካፖርታቸው ኪስ ሰደዱና አንድ ጭራሮ አወጡ። ሁለት ነጥብ ነበረበት።

«የመጨረሻው ሌሊት ነው» አሉኝ። «ሂድ ከተባልኩ በኋላ የወሰድኩት። ከሩቅ ቆሜ ነው ያደርኩት፤ ምንም አላለበስኳቸውም። መዝገብሽ ውስጥ አንድ እንኳ ትክክለኛ ይኑር ብዬ ነው። ልሰጥሽ ስል ጠረጴዛሽ ላይ ሥራ ይዘሽ ነበር።»

ጭረቱ ዝቅ ብሎ፣ ከጭራሮው ሥር አጠገብ ነበር።

«በርዷቸዋል» አሉ። «ጠዋት ሳያቸው አንዷም አልተንቀሳቀሰችም።»

አውቅ ነበር የሚለው ቃል አፌ ላይ ነበር። ፀሐይዋ ከግድግዳው እየለቀቀች ነበርና እሳቸው በመቀመጫቸው አንድ ክንድ ያህል ወደ ብርሃኑ ተጠጉ። እኔም እንድቀመጥ አጠገባቸው ያለውን ቦታ በእጃቸው መታ መታ አደረጉልኝ። አውቶቡሱ ይሄድብኛል አልኩ። ጭራሮውን በመሐረብ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ።